ሁለቱ ግዌንሊያን ፓወሎች

ባሏ አይዛክ ሪዘርክ በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ግዌንሊያን ፓወል እርሻቸውን ወደሚያከራየው ባለርስት ወኪል ቢሮ ተጠራች። የስድስት ማይሉን መንገድ በሹራብ መርፌ ካልሲ እየሠራች ሄደች፤ በዌልሱ የቴይቪ ሸለቆ እጇን አጣጥፋ መንገድ የምትሄድ ሴት የለችም። ስትደርስ የካልሲውን ተረከዝ ጨርሳ ነበር።

ወኪሉ ሚስተር ፌንዊክ ከእንግሊዝ ከመጣ አምስት ዓመቱ ነው። ዌልስኛ ተምሯል፤ ቀልድ ግን አይገባውም ይባላል። የምትኖርበትን የፔንብሪን እርሻ የኪራይ ውል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ውሉ የሦስት ሰው ስም ይዟል፤ የአማቷ፣ የባሏ፣ የሷ። ከሦስቱ አንዱ በሕይወት እስካለ ድረስ እርሻው ከቤተሰቡ እጅ አይወጣም።

«ሁለቱ ወንዶች ሞተዋል፤» አለ ፌንዊክ። «ግዌንሊያን ፓወልም ከሰባት ዓመት በፊት ሞታለች። የቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ ላይ አይቻታለሁ።»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜ?»

«እርስዎ ወይዘሮ ሪዘርክ ነዎት። ቄሱ የባልዎን ቀብር ሲመዘግቡ እንዲያ ነው የጻፉት።»

«ቄሱ እንግዳ ናቸው። ሪዘርክ የባሌ አባት ነው እንጂ እኔን አልወለደኝም። ሴት ባል ስታገባ አባት ትለውጣለች እንዴ?»

«በእኔ አገር ትለውጣለች።»

«ምስኪኖች፤» አለች ግዌንሊያን።

መዝገቡ ላይ ያለችው ሟች የአባቷ እኅት ነበረች። እሷም ግዌንሊያን፣ እሷም ፓወል። ስሙ የመጣው ከአንድ ሃወል ከሚባል የግዌንሊያን ቅድመ አያት ነው። ልጁ ዳቪዝ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ዳቪዝ አፕ ሃወል ይባል ነበር፤ የሃወል ልጅ ማለት ነው። የዳቪዝ ልጅ ደግሞ አፕ ዳቪዝ ሊባል፣ የዚያም ልጅ የራሱን አባት ስም ሊይዝ፣ እንዲያ እያለ ሊሄድ ነበር። ግን የርስቱ ጸሐፊ ግብር ለመሰብሰብ የሚቸገረው ስም በየትውልዱ ሲለዋወጥ ነውና፣ «አፕ» እና «ሃወል»ን ገጥሞ ፓወል ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ረጋ። ከዚያ ወዲህ ሃወልን በዓይናቸው ያላዩት ሁሉ የሃወል ልጆች ሆነው ቀሩ። በሸለቆው አራት የፓወል ቤቶች አሉ፤ አራቱም ከተለያየ ሃወል የመጡና የማይዛመዱ ናቸው። ለፌንዊክ ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

ፓወል ተብላ ያገባችበት የጋብቻ መዝገብ ቢገኝ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አፍስሶ የዚያ ዘመን ገጾች ሻግተዋል።

«ምስክር ያምጡ፤» አለ ፌንዊክ። «በሠርጉ የነበረ፣ ዘመድ ያልሆነ። እስከ ዓርብ። አለዚያ እርሻውን ለሌላ እሰጣለሁ።»

በዚያ ሸለቆ ዘመድ ያልሆነ ሰው መፈለግ ከወንዝ ደረቅ ዓሣ እንደ ማውጣት ነው። ሠርጉም አርባ አንድ ዓመት አልፎታል። ግዌንሊያን ብታስብ ብታስብ የቀረላት አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ በየቤቱ እየዞረ ሰዉን ለሠርግ ይጠራ የነበረው ሻድራክ። እርሻውን እንዲሰጠው ፌንዊክ ቃል የገባለት ሰው ደግሞ የሻድራክ የልጅ ልጅ ሊዊስ ነው። ሽማግሌውን የሚጦረው እሱ ነው። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አያቱ ቤት ተጣብቆ ይኖራል።

እንደዚያም ሆኖ ሄደች። ሻድራክ በራፉ ላይ ተቀምጦ ሾርባውን በእንጨት ማንኪያ ይጠጣ ነበር።

«ሞተሻል አሉኝ፤» አላት። «ለሞተ ሰው ደህና ሥጋ አለሽ።»

«ጋሼ ሻድራክ፣ የመጣሁበትን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ሊዊስም ያውቃል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጨው ሳይቀር ሳልጠይቅ ያቀብለኛል።»

«አልለምንዎትም።»

«መቼ ለምነሽ ታውቂያለሽ! አባትሽ ራይስም እንዲሁ ነበር፤ ገደል ገብቶ እንኳ ገመድ አይጠይቅም።» ማንኪያውን ላሰ። «በይ ሂጂ። ያየሁትን ለመናገር ማሰብ አያሻኝም፤ ያየሁት ያው ያየሁት ነው።»

ዓርብ ዕለት ሻድራክ በጎረቤት ጋሪ መጣ። ቢሮው ውስጥ ኮፍያውን አወለቀ፤ በዱላው ወለሉን ሦስቴ መታ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላው በማይመስል ድምፅም የያኔውን የሠርግ ጥሪ ጀመረ።

«የቤቱ ሰዎች ስሙ! አይዛክ፣ የሪዘርክ ልጅ፣ የፔንብሪኑ፣ ግዌንሊያንን ያገባል፤ የራይስ ልጅ፣ የዳቪዝ ልጅ፣ የሃወል ልጅ፣ የግሪፊዝ ልጅ። ቅዳሜ ኑ! ማንኪያና ቢላ ይዛችሁ ኑ፤ የሙሽራው እናት የላትም!»

ጥግ ላይ የተቀመጠው የቢሮው ጸሐፊ ሣቀ። ፌንዊክ አልሣቀም፤ እስክሪብቶውን አነሣ።

«የሞተችውስ?»

«የዳቪዝ ልጅ፤ ያላገባችው። ይህንኑ በራፏ ላይ ቆሜ ብዬላታለሁ። ለወንድሟ ልጅ ሠርግ አይብ ይዛ መጣች፤ አይቡ ትል ነበረው።»

ፌንዊክ ይድገሙት አለው፤ አንድም ቃል ሳይስት ደገመው።

«ይህ እርሻ ለልጅ ልጅዎ ታስቦ እንደነበረ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። የሞተ ሰው ለሠርግ ጠርቼ አላውቅም፤ በሕይወት ያለችውንም አልቀብርም።»

ፌንዊክ ቃሉን ጻፈ፤ ሻድራክ በመስቀል ምልክት ፈረመ። ወኪሉ ለወደፊቱ ችግር እንዳይፈጠር ስሟን ወይዘሮ ሪዘርክ ብሎ ሊያስተካክለው እንደሚችል ለግዌንሊያን ነገራት። እንዳለ ይሁን አለችው። እርሻው ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ጸና።

ሊዊስ እርሻው ቀረበት። በሚያዝያ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከሰል ጉድጓዶቹ ሥራ ፍለጋ ወረደ፤ ሽማግሌው ጧሪ አጣ። በጸሎት ቤት ሻድራክ ከግዌንሊያን ራቅ ብሎ መቀመጥ ጀመረ፤ ሰላምታዋንም በአገጩ ብቻ ይመልስ ነበር።

በግንቦት፣ ለክረምት ማገዶ የሚሆነው የረግረግ አፈር የሚቆረጥበት ጊዜ ሲደርስ፣ ግዌንሊያንና ልጇ ኔስት አካፋቸውን ይዘው ወደ ሻድራክ መሬት ወጡ። አላስፈቀዱትም። ከጧት ጀምረው ቆርጠው ለፀሐይ ደረደሩት። ከቀትር በኋላ ሽማግሌው እያነከሰ መጣና ድርድሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገ።

«ሊዊስ ከዚህ አወፍሮ ነበር የሚቆርጠው።»

«ነገ አወፍረዋለሁ።»

«ነገም ልትመጪ ነው?»

«ማገዶው እስኪበቃ።»

ሻድራክ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ከዚያኛው ጫፍ ጀምሪ፤» አላት፤ «ይኼኛው ውኃ ያዘለ ነው።»