ሚዳቋዎቹ የበሉት በርሲም

እናትሽ "እዚህ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ቤት ተዘግተሽ ከምትውዪ በረሃ ልውሰድሽ፣ ሚዳቋ እንይ" ስትለኝ እምቢ ያልኩት እግሬን አሞኝ አይደለም። ጻፊው፣ እንዳልኩት ጻፊው። ሚዳቋ አይቻለሁ። በእሷ የተነሳ ሌባ ተብያለሁ።

ያኔ አጅማን ነበር የምሠራው፣ አንድ ትልቅ ቤት። ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ ባልየው ነው፣ ባባ የምንለው። ሻርጃ በረሃ ውስጥ ዒዝባ ነበራቸው፣ ፍየልና ግመል የሚያረቡበት። የባባ እናት ብርዱን እዚያ ነው የሚከርሙት። የፍየሎቹ ጠባቂ አገሩ ለዕረፍት ሲሄድ እኔ አፌ አያርፍ፣ "ፍየል እኮ ያደግኩበት ነው" አልኳት ማዳምን። ኸላስ፣ አለቀ! በማግስቱ ከነሻንጣዬ ዒዝባው ላይ ጣሉኝ፤ አሮጊቷንም ፍየሎቹንም እንድጠብቅ።

የፍየሎቹ መኖ በርሲም ነው፣ አረንጓዴ ሳር፣ በእስር በእስር ሆኖ በመኪና ይመጣል። ባባ በሳምንት አንዴ ያራግፍልኛል። መጀመሪያ ሳምንቱን ያደርሰኝ ነበር። ከዚያ አላደርስ አለ። ገና ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቅና ፍየሎቹ ይጮሁብኛል። መንታ የወለደች አንዲት ጥቁር ፍየል ነበረች፤ የእሷማ ጡቷ እየነጠፈ ግልገሎቹ ሲያላዝኑ ይውላሉ።

ባባ መጥቶ ክምሩን አየና፣ "የት ሄደ?" አለኝ።

"ተበላ።"

"ማን በላው? ለጎረቤቱ ሠራተኛ እየሰጠሽው ነው። ሐራሚ!"

ሐራሚ ሌባ ማለት ነው። በዕድሜዬ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በማርያም ብለው አይገባው፣ በራሱ ቋንቋ ዋላሂ አልኩት። ጭራሽ፣ "አንቺ ደግሞ ዋላሂ ትያለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ክምሩን ዞሬ አየሁ። ኮቴ! የፍየል ይመስላል፣ ግን ቀጠን ይላል። አወቅኳት። አገሬ ቡቃያችንን ስትጨርስብን የኖረች ሚዳቋ መች ትጠፋኛለች። አገሬ የምናደርገውን አደረግኩ። እንጨት ተከልኩ፣ የአሮጊቷን ያረጀ አባያ፣ ያንን ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ አለበስኩት፣ አናቱ ላይ ሻሽ አሰርኩለት። ቆንጆ ማስፈራሪያ ወጣው።

ዓርብ ጠዋት ባባ መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይጮኻል። "ማን ናት እሷ? ጭራሽ ጓደኛ አምጥተሽ ታዘርፊኛለሽ?" ብሎ ወደ ማስፈራሪያው ገሰገሰ። "አንቺን እኮ ነው፣ መልሺ እንጂ!" ይላታል እንጨቷን። እናቱ በር ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "አንተ፣ ያ እኮ የእኔ አባያ ነው!"

ቀረብ ሲል ነው ያያቸው። ሦስት ሚዳቋዎች እዚያው አባያው ሥር ቆመው በርሲሙን ያኝካሉ። ጩኸቱን ሰምተው ሁለት እርምጃ ሸሸት አሉና ተመለሱ። እኔ ሞኟ! አገሬ ሚዳቋ ሰው የሚመስል ነገር ካየች ደብዛዋ ይጠፋል። እዚህ ግን ማደን ክልክል ነው፣ ማን ነክቷት ያውቃል? አባያ ምኗ ነው?

"ይኸው ሌባህ" አልኩት። "በል አሁን ቃልህን አንሳ።"

እሱ እቴ! "ማሻላህ!" እያለ በስልኩ ይቀርጻቸዋል። ቀርጾ ሲጨርስ፣ "እንዳታባርሪያቸው፣ ይብሉ" አለኝ።

"ፍየሎቹስ?"

"ያንኑ አካፍያቸው።"

ምኑን ነው የማካፍለው? ሚዳቋዎቹስ ቢሆኑ መች ጠግበው መጡ። ከአጥሩ ውጭ የነበረውን ቁጥቋጦ የባባና የጎረቤቶቹ ግመሎች እስከ ሥሩ ግጠው ጨርሰውታል። እናቱ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እሳቸው ልጅ ሆነው ከብቱ እንዲህ አልበዛም፣ ዝናብ ከጣለ ለፍየሉም ለሚዳቋውም ይተርፍ ነበር። እና ሰውዬው መጀመሪያ በግመሎቹ የሚዳቋዎቹን ግጦሽ ቀማ፤ ቀጥሎ የፍየሎቹን መኖ ቀምቶ ለሚዳቋዎቹ ሰጠና ደግ ሰው ልባል አለ። ከራሱ ምን አወጣ? ይህንኑ ፊቱ ላይ ነገርኩት። "ያላ፣ ሹግል!" አለኝ፤ ወደ ሥራሽ ሂጂ ማለቱ ነው።

ከመንታዎቹ አንዱ ሞተ። የእናቱን ጡት ጎርሶ ነው የሞተው። ጡቷ ውስጥ ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ ባባ ሚዳቋ ሊያሳይ እንግዶች ጠራ። አዲስ ገንዳ አስመጥቶ ትኩስ በርሲም ሞላበት። አየሽ፣ ሲፈልግ ይገኛል! "ፍየሎቹን ዝጊባቸው፣ አንድ ቅጠል እንዳይነኩ" ብሎኝ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። እኔ ደግሞ የበረቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

እንግዶቹ ስልካቸውን ደግነው ሲወርዱ ፍየል በፍየል ላይ ተደራርቦ ገንዳውን ይልሳል። ሚዳቋዎቹ ራቅ ብለው ቆመው ያያሉ። እነሱም አሳዘኑኝ፤ አልዋሽሽም። ባባ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ማን ከፈተው?"

"እኔ። ያኔ አልሰረቅኩም ነበር። አሁን ሰረቅኩልህ።"

በማግስቱ ወደ ኤጀንሲ መለሰኝ። ልሄድ ስል በረቱን አየሁ፤ ጥቁሯ ፍየል የቀረላትን ግልገል እያጠባች ነበር፣ ወተቱ በአፉ ዳር ይወርዳል። ባባ እስከ ኤጀንሲው በር ሲነዳ ስለዚያ ስድብ አንዲት ቃል አልወጣውም። እኔም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።