ስትደርስ ደውል

የዛሬ አውቶቡሶች መስኮታቸው አይከፈትም። በቅርቡ ከደሴ ስመለስ ሸዋ ሮቢት ለምሳ ቆመን ልንነሳ ስንል አንዲት ፓፓያ ሻጭ መስታወቱን አንኳኳች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምጿ ግን አይሰማም። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ቀድሞ ገዝቶ ኖሮ፣ የበሰለ ፓፓያ ሽታ በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን መኪና ሞላው፤ እኔም ሳላስበው ተመልሼ እዚያው ሸዋ ሮቢት የተማርኩበት ስምንተኛ ክፍል ገባሁ።

የሥዕል አስተማሪያችን ቲቸር ታደሰ አበባ አስለው በቃችሁ የሚሉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ዓመት የሰጡን የቡድን ሥራ፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ የማታውቁትን ሰው ፈገግ አሰኙ የሚል ነበር። ቀላል መስሎን ነበር። ግን ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ፣ በቀትር ሙቀት ጃኬቱን እያወለቀ ከረዳቱ ጋር የሚጨቃጨቅን መንገደኛ ማን ያስቀዋል? አንዱ የክፍላችን ልጅ ፊቱን በጠመኔ አንጥቶ በመስኮት ብቅ ቢል፣ አንዲት እናት በስመ አብ ብለው አማትበው መስኮቱን ጠረቀሙበት። እኛ ደግሞ ካርቶን ላይ «ፈገግ ይበሉ» ብለን በትልቁ ጽፈን ብንዞር፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የምንለምን የመሰላቸው አንድ ሽማግሌ ካርቶኑን ተሳልመው አንድ ብር አስጨበጡን። ቲቸር ታደሰ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እሳቸው ግን መንገደኛ አይደሉምና ማርክ አልያዘልንም።

ከቡድናችን አንድም ቃል ያልተነፈሰችው ጎረቤቴ ዘይነብ ብቻ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ሰይድ በክረምቱ ለማንም ሳይናገር፣ ጎህ ሲቀድ በአፋር በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጥቶ ነበር። የሸኘው ሰው የለም፤ ደረስኩ ብሎም አልደወለም። እናቷ ስልኩን ከእጃቸው አይለዩትም ነበር።

በማግስቱ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሊወጣ ሲል ዘይነብ በድንገት ወደ መስኮቱ ሮጠች። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ የተቀመጠ፣ በሰይድ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር።

«ወንድሜ! ስትደርስ ደውል፣ እሺ? ራትህን ሳትበላ እንዳትተኛ!»

ልጁ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። እሱን መሆኑ ሲገባው ፊቱ ፈካ፤ «እሺ፣ እህቴ» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ተከትለናት ሮጥን፤ እትዬ፣ መድኃኒትዎን እንዳይረሱ፣ ጋሼ፣ ለልጆቹ ሰላም ይበሉልን እያልን ለማናውቀው ሰው ሁሉ የሥጋ ዘመድ ሆንን። ድንጋይ መስሎ የተቀመጠው መንገደኛ መስኮቱን እየከፈተ እጁን አወጣ፤ አንዲት ሴትዮ እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ሾፌሩ እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ። በዚያ ቀን ሊያዩን የመጡት ቲቸር ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ቀሩ። አንዲት ልጅ፣ ያውም ቤቷ ለቅሶ ቤት የመሰለባት ልጅ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቤተሰብ ታደርጋለች ብሎ ማን ይገምታል? ማርኩ ከተሰጠ በኋላም ዘይነብ ቀትር ላይ መናኸሪያ መሄዷን አልተወችም።

አሁን የእኛ አውቶቡስ መጋረጃውን ጋርዶ ያለ ሸኚ ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ተማሪዎች ቢመጡስ በየትኛው መስኮት ይጮኻሉ? ያ ሁሉ እጅ ከመስኮት የሚወጣበት ጊዜ ማለፉ ይቆጨኛል።

ዘይነብ ካራቆሬ አግብታ ልጆች አፍርታለች። ሰይድ እስከ ዛሬ አልደወለም። እኔ ግን መንገድ በወጣሁ ቁጥር ስደርስ እደውልላታለሁ። ያን ማታም አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ደወልኩ። እንደ ሁልጊዜዋ የማን ቁጥር እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ ገና አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።