ባለ አምስት ፔታል ጽጌረዳ ፍለጋ በሪያድ

አርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ሱለይማኒያ

ጫማዬን በእጄ ይዤ በኋላ በር ወጣሁ። ሌባ አይደለሁም፤ የዕረፍት ቀኔ ነው። ግን አሠሪዬ ማዳም ከነቃች "ከመሄድሽ በፊት ይቺን ብቻ" ማለቷ አይቀርም። የእሷ "ይቺን ብቻ" ደግሞ እስከ ቀትር ትወስዳለች።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ምላጭ፣ አንድ የእጅ ማጉያ መነጽርና ነጫጭ ወረቀቶች አሉ። የምሄደው ሹመይሲ ነው፣ ለማስተማር። ደሴ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ሦስት ዓመት ሳበስል፣ ስጠርግ፣ ስተኩስ ነው የኖርኩት። በቀደም አልማዝ የምትባል የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ለልጇ ለራሔልና ለአራት ጓደኞቿ አስጠኚ እንደምትፈልግ በስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ሳላስበው "እኔ አለሁ" ብዬ መለስኩ። አልማዝ ቁርጡን ነገረችኝ፤ የበፊቱ አስጠኚ መጽሐፉን እያነበበ ልጆቹን አስተኝቷቸዋል፤ እኔን አንድ አርብ ይሞክሩኛል፤ ካልወደዱኝ ኸላስ፣ በቃ። የዛሬው ትምህርት የጽጌረዳ አካል ነው። የአበባ ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስዬ ላስተምር? ሞቼ እገኛለሁ! ግን እውነቱን ልናገር፣ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም። አስተማሪነቱ አሁንም በውስጤ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም።

የጎረቤታችን ሾፌር ጀማል መኪናው ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። ወሎዬ ነው፤ አሠሪዎቹ ለሁለት ሳምንት ጅዳ ሄደዋል። በሾፌርነት መጥቶ አትክልተኛም ሆኗል። መሪውንም የውኃ ጎማውንም የሚይዘው ያው እጅ ነው ብለው እንደጨመሩለት እየሳቀ ነገረኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት፤ ዑለያ

አርብ ጠዋት ሪያድ ባዶ ናት። የዑለያ ፎቆች የጠዋቷን ፀሐይ ዓይናችን ላይ ይመልሱብናል፤ መንገዱ ላይ ያሉት ብርቱካናማ የለበሱ ጠራጊዎችና እኛ ነን። ሱቆች እስኪከፈቱ የመኪናው አፍንጫ ላይ ፉል ዘርግተን ከምድጃ በወጣ ትኩስ ተሚስ ዳቦ በላን። ሁለት ሰው አጥግቦ ሰባት ሪያል።

የአበባ ሱቁ ውስጥ ብርዱ ፍሪጅ ነው። አንዱ ዘንግ ስምንት ሪያል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሮዝ። ሻጩ ባንግላዴሻዊ ነው፤ ሐበሻ መሆናችንን ሲያውቅ አበቦቹም ከአገራችን በአውሮፕላን የመጡ መሆናቸውን ነገረን። ዘንጎቹን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ልሙጥ ናቸው፤ እሾሁን ጠርበውታል፣ የታች ቅጠሉንም አርግፈውታል።

"እንደ እኛው ናቸው እህቴ፣ እሾሃቸውን አስወልቀው ነው የሚያስገቧቸው" አለኝ ጀማል።

እየሳቅኩ ሦስት ገዛሁ። መኪናው ውስጥ ግን ሳቄ ጠፋ። አንዱን በምላጭ ከፍዬ ፔታሎቹን፣ ማለትም ቀለም ያላቸውን የአበባ ቅጠሎች፣ መንቀል ጀመርኩ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አሁንም አለ! መሐል ላይ ብናኝ የሚሠሩት ወንዴ ክፍሎች ጥቂትና የተኮማተሩ ናቸው። እንዴት ረሳሁት? የሱቅ ጽጌረዳ በሰው ምርጫ ብዙ ወንዴዎቹ ወደ ፔታልነት የተለወጡበት አበባ ነው። ጽጌረዳ በተፈጥሮው ፔታሉ አምስት ነው፣ ከሥራቸው እንቡጡን የሚሸፍነው አረንጓዴ ሴፓሉም አምስት፣ ወንዴው ግን መዓት። ይህን እያወቀ የሃያ አራት ሪያል ጌጥ የገዛ አስተማሪ አስተማሪ ነው? አለቀልኝ አልኩ።

ጀማል ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሠሪዎቹ ግቢ ውስጥ ለሰው ያላሳያት አንዲት ጽጌረዳ እንዳለችው ነገረኝ። ፔታሏ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው በጣቶቹ መሪው ላይ ቆጥሮ አምስት አለኝ።

4 ሰዓት ተኩል፤ ተመልሰን ሱለይማኒያ

በጀማል አሠሪዎች ግቢ፣ ግድግዳው ሥር የእሱ ማዳም ጽጌረዳ ቆማለች፤ በውድ የተገዛች ቀይ፣ ግማሿ የደረቀ። ከጎኗ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ቀጭን ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል፤ ነጫጭ፣ ትንንሽ፣ ባለ አምስት ፔታል አበባ ሞልቶበታል። መሐሉ ላይ ቢጫ ወንዴዎች እንደ ጤፍ ተበትነዋል። ደስታዬ አላስቆመኝም።

"እንዳትቆርጪያት" አለኝ ጀማል። "ወላሂ፣ ያበበችልኝ እሷ ብቻ ናት። ማዳም ስትመጣ ሌላ ምን አሳያታለሁ?"

ሦስት ወር የሻይ ቅጠል እያለበሰ ውኃ ያጠጣት እሷን ነው። ቀይዋ ስትደርቅ ተክሏ በዚች ቅርንጫፍ ነፍሷን ልታተርፍ ነው ብሎ አስቧል። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ገለጥኩት። ከአፈሩ በላይ ግንዱ እንደ ጉልበት ያበጠበት ቦታ አለ። ከእብጠቱ በላይ የማዳሙ ቀይ ናት፤ ከታች ደግሞ ሌላ ጽጌረዳ፣ ጠንካራ ሥር ያላት፣ ቀይዋ እንድትኖርባት የተሰካችባት። የጀማል ቅርንጫፍ የወጣው ከታችኛዋ ነው። ትንንሾቹን ቅጠሎች አስቆጠርኩት፤ ቀይዋ በአንድ የቅጠል ዘንግ አምስት፣ የእሱ ሰባት። ከሥር የበቀለችው የእሱ ቅርንጫፍ ምግቡን ቀድማ ስለምትወስድ ቀይዋ እየተራበች ነው።

ጀማል ሁለቱን ደጋግሞ ቆጠረ። "ስለዚህ ቀይዋን የገደልኳት እኔ ነኛ" አለ። ገና እንዳልሞተች፣ ይቺ ከተቆረጠች እንደምታገግም ነገርኩት። ልቤ ግን አልቻለም፤ ሰው የወደደውን በገዛ እጅህ ቁረጥ ማለት ይከብዳል። መቀሱን ልቀበለው ስል እንቢ አለኝ። ራሱ ከሥሯ ቆረጣት፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ አቆማት።

ለጁምዓ ሶላት ሲወርድ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ኤሲውን ከፍቶልኝ ሄደ። ለእኔ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ላለችው ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ሹመይሲ

የአልማዝ ቤት ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስቱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስልካቸው በእጃቸው። አልማዝ እጇን አጣጥፋ በር ላይ ቆመች፤ ጀማል ባልዲውን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። 

ንግግር ትቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ አበባ ሰጠኋቸውና በትኗት አልኩ። ስልኮቹ ወረዱ። ሴፓሎቹን በአንድ ወረቀት፣ ፔታሎቹን በሌላ ደረደሩ፤ ወንዴዎቹን ሲቆጥሩ ተጣሉ። ከአበባው ሥር ያለችውን እብጠት በምላጭ ከፈትኩላቸው፤ የዘሩ ቤት እዚያ ውስጥ ነው፤ ጽጌረዳና ፖም ዘመዳሞች ናቸው ስላቸው አላመኑኝም። እሾሁን ወደ ጎን አስገፋኋቸው፤ ቀጭ ብሎ ተነሳ። የሎሚ እሾህ ከእንጨቱ ነው የሚወጣ፣ የጽጌረዳ ግን ከቆዳው ነው። ድምፄ መቼ እንደመጣ እንጃ፤ ብቻ ደሴ ሆኜ ነበር።

ስለ እብጠቱና ስለ ሁለቱ ጽጌረዳዎች ስነግራቸው ራሔል እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሥሩ የእሷ ከሆነ ለምንድነው የምትቆረጠው?"

 ጀማል ከበሩ ቀደመኝ።

"ማዳም የገዛችው ሌላኛዋን ነዋ" አለ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጀማልም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ቅርንጫፏ ላይ ነበር። እንደ እርሳስ ቆራርጠን በእርጎ ጣሳ አፈር ውስጥ ተከልናት፤ የሥር ጽጌረዳ በቀላሉ ሥር ትሰዳለች። አንዱን ጣሳ ጀማል ወሰደ።

ስወጣ አልማዝ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። እስካሁን "እህቴ" ነበር የምትለኝ።

"ቲቸር፣ በሚመጣው አርብ ምን ይዘሽልን ትመጫለሽ?"

 ሽንኩርት አልኳት።

ምሽት 1 ሰዓት፤ የማዳም ወጥ ቤት

ለእራት ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ሦስት ዓመት ስልጠው ኖሬ አይቼው አላውቅም ነበር። አንዱን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ ከታች ድፍጥጥ ያለች አጭር ግንድ፣ በላይዋ ቅጠል በቅጠል ላይ። ማዳም ብቅ ብላ ለምን እንደማልከትፈው ጠየቀችኝ።

በአማርኛ መለስኩላት። "እየተዘጋጀሁ ነው።"