በድስት አፍ ላይ የታየ ድምፅ

በሮም ከተማ ድምፅን በዓይኑ ያየ የመጀመሪያው ሐበሻ እኔ ነኝ። ማንም አይከራከረኝ። አየሁት ስል ግን ጠረግሁት ማለቴ ነው። በማጸዳው የሥዕል አዳራሽ፣ አንድ የብረት ዝርግ ላይ አሸዋ ተበትኖ አገኘሁ። ጎብኚ ያቆሸሸው መስሎኝ አንዲት ቅንጣት ሳላስቀር አነሣሁት። ለካስ የጥበብ ሥራው ራሱ አሸዋው ኖሯል! ሠዓሊዋ ስትመጣ ቆሌዬ ተገፈፈ። እሷ ግን ሳቀች፤ "ቫ ቤኔ፣ ችግር የለም" ብላ ሌላ አሸዋ ነሰነሰችና የብረቱን ጠርዝ በቫዮሊን ደጋን ሳበችው። ብረቱ ጮኸ፤ አሸዋው እንደ ጉንዳን ተርመስምሶ እንደ ጥልፍ መስቀል ሆኖ ቆመ። "ከሚንቀጠቀጠው ሸሽቶ ጸጥ ባለው ላይ ያርፋል" አለችኝ።

ያን ሰሞን አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ኤስኲሊኖ ሰፈር እኛ ቤት ነበሩ። ጆሯቸው ጭራሽ ከተደፈነ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የምናወራቸው በወረቀት ነው። አንድ ቀን ባለቤቴን፣ "ፊትሽን አያለሁ ልጄ፤ ድምፅሽ ግን እየጠፋብኝ ነው" አሏት። ያ የብረቱ አሸዋ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ አማቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በሰፊ ድስት አፍ ላይ የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ወጥሬ ጤፍ ነሰነስኩበት።

"ጤፉን? ስንት ሱቅ ዞሬ ያገኘሁትን?" አለች ሚስቴ።

"ለሳይንስ ነው፤ ዝም በይ።"

መጀመሪያ እኔ አንጎራጎርኩ። ድምፄ ከጥንቱ ኮሎሲየም የቀረውን ግማሽ ግንብ የሚያፈርስ ነው፤ ጤፉ ግን ከትንፋሼና ከምራቄ ጋር ወለሉ ላይ ተበተነ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማበጠር ከሆነ ሰፌድ አለልህ!" አሉ አማቴ።

"አሎራ፣ እንግዲህ ያንቺ ተራ" አልኳት ሚስቴን። አፏን ገጥማ ቀስ ብላ አዜመች። ጤፉ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበሰበ፣ ቀለበት ሠራ። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ወጣ። አማቴ መዳፋቸውን ድስቱ ጎን ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ከጤፉ ሳይነቅሉ ቆዩ።

"እሷ ናት" አሉ ጮክ ብለው፤ የራሳቸውንም ድምፅ አይሰሙትማ። "ድምፅዋ አይናወጥም። ሰንበት ትምህርት ቤት ስታስዘምር ልክ እንዲህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ይልላት ነበር።" እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "እስቲ ጻፍልኝ፤ እሷ ከምትዘምራቸው አንተ የትኛውን ትወዳለህ?"

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ሚስቴ ጤፉን ታያለች እንጂ ወደ እኔ አልዞረችም።

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። እስከዚያች ቅዳሜ ስታዜም ሰምቻት አላውቅም። ቤታችን ውስጥ የማወራው እኔ ነበርኩ።