ዝምተኛዋ ልጄ

ልጄ ስትስቅ ድምጿ እስከ መንገድ እንደሚሰማ ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ፋብሪካ መብራት ጠፍቶ በጊዜ ተለቀቅን። ሰፈራችን ሳቢያን ከባጃጅ ስወርድ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከምትቆይበት ከጎረቤታችን ከአዴ ፋጡማ ግቢ ሰማኋት። የሰፈሩን ልጆች አሰልፋ በኦሮምኛ ትእዛዝ ትሰጣለች። አምስት ዓመቷ ነው።

እኔን ስታይ ዝም አለች። መጥታ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

(ለአስተማሪዋ «ዓይን አፋር ናት፣ በአባቷ ወጥታ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ።)

«እኛ ጋ ሁሌም እንዲህ ናት» አሉኝ አዴ ፋጡማ። «አንቺ የምትመጪበት ሰዓት ሲደርስ ‹በቃ፣ እማዬ ደክሟታል› ትልና ጨዋታውን ራሷ ትበትነዋለች።»

ቤት ገባን። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ሳልነግራት ድምፁን ቀነሰችው።

የእናንተስ ልጆች፣ እናንተ በሌላችሁበት ምን ዓይነት ናቸው?