ጋሽ እንደሻውና የቱርቦው ፉጨት

ጋሽ እንደሻው መኪና የሚመረምሩት በጆሯቸው ነው። ከኤረር በር ወጣ ብሎ ባለው ጋራዣቸው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን የሚከራከር ሰው ሐረር ውስጥ አልነበረም፤ ክርክር የምወድ እኔም ብሆን አልሞክረውም።

አባቴ ቱርቦ ያላትን ፒክአፕ ያመጣ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረችን አሮጌ መኪና ከኤረር ማንጎ ጭነን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ወርደን መግፋት ልማዳችን ነበር። አዲሲቱ ግን ያንኑ ጭነት ይዛ እያፏጨች ወጣችው፤ ከፊታችን የነበረውን ሁሉ ቀደመች። አባቴ መሪውን ይዞ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ጋሽ እንደሻው ያን ቀን ኮፈኑን ከፍተው አስረዱን። "ሌላው ሞተር ጭሱን ዝም ብሎ ይተፋዋል። ይቺ ግን በጭሱ ግፊት ማራገቢያ ታዞርና አየር አፍና ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየር በበዛ ቁጥር ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበቱ ከዚያ ነው።" ግፊቱን ጨምሩልን ለሚሏቸው ጎረምሶች ግን "ፍሬኑንስ ማን ይጨምርላችኋል?" ይሏቸው ነበር። ሕግም አወጡ፤ ዳገት ወጥቶ የደረሰ ሰው ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም። ቱርቦው እስኪበርድ ክርስቲያኑ አባታችን ሆይ፣ ሙስሊሙ ፋቲሃ ይደግማል። አባቴ ለጸሎት ሰነፍ ነበር፤ ለቱርቦው ሲል ግን አንድም ቀን አላጓደለም።

ያኔ ነስሮ የሚባል ጎረምሳ ሙያውን እየተማረ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ሞተር ሲነካካ ካዩት መዳፉን ጠፍ አድርገው "እጅህን ሰብስብና ስማ!" ይሉታል። ዛሬ ነስሮ የራሱ ጋራዥ አለው።

ባለፈው ወር ፒክአፗ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬም እሷ ናት። ጋሽ እንደሻው አዳመጧትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሙሉነሽ፣ አታፏጭም። ቱርቦው ሞቷል፤ ይውጣ።"

አጠገባቸው ቆሜ ፉጨቱን እየሰማሁ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሲንሾካሾክ ከርሟል፤ ጋሽ እንደሻው ደህናውን ቱርቦ ሞቷል ብለው ሁለት ጊዜ ፈትተዋል፣ ደንበኛም እየሸሸ ነው። ሦስተኛ ስህተት ከተጨመረ ጋራዡ ይዘጋል። እሳቸው ደግሞ ያለዚያ ጋራዥ ምን ይሆናሉ? ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። "ነገ እመለሳለሁ" ብዬ በቀጥታ ነስሮ ዘንድ ሄድኩ።

ነስሮ አዳምጦ "ቱርቦውማ ደህና ነው" አለ። ጉልበቱ የት እንደሚጠፋ ግን እሱም አላገኘውም። ትንሽ አሰበና "ነይ እንሂድ፣ እሳቸው ያገኙታል" አለኝ።

"አቦ ነስሮ፣ አይሰሙም እኮ!"

"ወላሂ አውቃለሁ። ነይ ብቻ።"

ጋራዡ ስንደርስ ሞተሩን አስነሳሁ። ጋሽ እንደሻው ካቻቢቴያቸውን ሲያነሱ ነስሮ ቀስ ብሎ እጃቸውን ያዘና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር በሚወስደው የጎማ ቱቦ ላይ አስቀመጠው።

"ሙሉነሽ፣ ነዳጅ ስጪ!" አለኝ።

ቱቦው መዳፋቸው ውስጥ ሲወጠር ፊታቸው በራ። ወዲያው ነገሩ ገባቸውና ጠቆሩ። ቱርቦው ይሠራል፤ ያልሰሙት እሳቸው ናቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?" አሉት ነስሮን።

"ከፋሲካ ጀምሮ።"

"ለምን ዝም አልከኝ?"

"እርስዎን ደፍሮ ማን ይናገራል፣ ጋሼ?"

ተቆጥተው እጃቸውን ከቱቦው ላይ የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። አላነሱም። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ከሥር፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል ሲደርሱ ቆሙ። "እዚህ ጋ ንፋስ አለ" አሉ። ጎማው ተሰንጥቆ አየሩ በዚያ እያመለጠ ኖሯል።

ቱቦው ተቀየረ። በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዘን ሦስታችንም የኤረርን ዳገት ወጣን።

"ታፏጫለች?" አሉኝ መንገድ ላይ።

"ታፏጫለች፣ ጋሼ።"

"እንደ አባትሽ ጊዜ?"

"እንደ አባቴ ጊዜ" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ጋራዡ በር ላይ ደርሰን ስንቆም ሞተሩን አላጠፋሁም። እኔ አባታችን ሆይ፣ ነስሮ ፋቲሃውን ማነብነብ ጀመርን። ጋሽ እንደሻው ከንፈር ከንፈራችንን እያዩ ጠበቁ። ሁለታችንም ስናቆም "አሁን አጥፊያት" አሉኝ።