ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ

ቦንጋ ገበያ ዳር ባለው የሬዲዮ መጠገኛ በኩል ሳልፍ፣ በመበየጃ ካውያ የሚቀልጥ እርሳስ ሽታ ድንገት ከመጣብኝ እግሬ ይቆማል። ታላቅ ወንድሜ አስራት ካረፈ ወዲህ ደግሞ ቶሎ መራመድ ያቅተኛል።

እናታችን ከሞተች በኋላ ማንኪራ ባለው ቤታችን የቀረነው አባባ፣ አስራትና እኔ ነበርን። አባባ ቀፎዎቹን ሊያይ ጫካ ገብቶ አንዳንዴ እዚያው ስለሚያድር፣ እኔና አስራት ኩራዝ አብርተን ሁለታችን ብቻ እንቀመጥ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ጅማ ያለ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ አስራትን ወስዶ ሙያውን ሊያስተምረው ተስማምቶ ነበር። አስራት ግን «ለቤቱ መብራት ሳላስገባ አልሄድም፤ አንተን በጨለማ ትቼ የት እሄዳለሁ?» ይለኝ ነበር። እኔ ጨለማውን ለምጄው ነበር። የምፈራው የእሱን መሄድ ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ ሥራውን ጀመረ። ከተሰበሩ የእጅ ባትሪዎች ትንንሽ ነጭ አምፖሎች ፈትቶ፣ በመጀመሪያ በሬዲዮ ድንጋይ ሞከራቸው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ፀሐይ ላይ እንዳናሰጣቸው ፀሐይ አልነበረም፤ ስለዚህ ምድጃው ዳር ደርድረን እናሞቃቸው ነበር። ጥቂት ያበሩና መልሰው ይደክማሉ። አባባም እያየን፣ «ድንጋይ ከምትቀቅሉ ድንች ብትቀቅሉ አይሻልም?» ይል ነበር።

መስከረም ላይ አባባ የሰጠንን ማር ይዘን ቦንጋ፣ ጋሽ ወልዴ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ሄድን።

«የማንኪራው ኢንጂነር መጣ!» አለ አስራትን ሲያየው። ማሩን በጣቱ ቀመሰና፣ ከሞተር ሳይክል የወጣ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ቻርጅ አድርጎ ሰጠን። «ግን እንዲያው እንዳታገናኘው። ሦስት አምፖል በተርታ ቀጥልና ኃይሉን የሚቀንስ ሬዚስተር አስገባበት፤ ልካቸውን ብቻ ይጠጡ።»

«የትኛውን ሬዚስተር፣ ጋሼ?»

«ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። የመስመሮቹን ቀለም አትሳት፤ ቁጥሩ እሱ ነው።»

ከአሮጌ ሬዲዮኖች የተነቀሉ ሬዚስተሮችም በላስቲክ ቋጥሮ ጨመረልን።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ አስራት ግን እስኪነጋ መታገስ አልቻለም። ሬዚስተሮቹን ኩራዙ ሥር በትኖ አንዷን መረጠ። የኩራዝ ብርሃን ደግሞ ቡናማውንም ጥቁሩንም አንድ ያደርገዋል። ሽቦውን ሲያገናኝ ቤቱ ቦግ አለና ወዲያው ድርግም አለ።

«አቃጠልኳቸው» አለ ቀስ ብሎ።

አዘንኩለት፤ ግን፣ እንዴት ልበለው፣ ጥቂት ቀን የተጨመረልኝም መሰለኝ።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሎች አምፖሎች አገኘ። አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሬዚስተሮች መዳፉ ላይ አድርጎ ጠራኝ። ጢስ ዓይኑን አቅልቶት ነበር።

«እስቲ አንተ እይልኝ። ሦስተኛዋ መስመር ቡናማ የሆነችው የትኛዋ ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወዲያው ለየኋት፤ ግን ቀና አላልኩም። መስመሯ ጥቁር የሆነችውን ብሰጠው አምፖሎቹ ይቃጠላሉ፣ እሱም ይቆያል። መዳፉ በካውያው ትንንሽ ጠባሳዎች ተሞልቶ ነበር።

«ይቺ ናት» አልኩና ቡናማዋን ነካሁለት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

የዚያን ዕለት አባባ ሲገባ ሦስቱ አምፖሎች በርተው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አየና፣ «ኧረ! ይሄን ሁሉ የሸረሪት ድር ተሸክመን ነው የምንኖረው?» አለ። አስራት እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ከዚያ እንዳያየኝ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጅማ ሄደ። በመጀመሪያ በየበዓሉ ይመጣ ነበር፤ በኋላ ሥራው ሲበዛ እሱም እየራቀ ሄደ። ሞቱንም የሰማነው ከዚያው ከጅማ ነው።

አሁን አባባም የለም። መብራቱ ግን በመስመር መጥቶ ቤታችን ገብቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ መጫን ብቻ ነው። ያኔ ቤቱ ሲጨልም ማን የት እንደተቀመጠ በትንፋሹ አውቅ ነበር። አሁን ሳበራው ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማንም ያልተቀመጠባቸው ዱካዎችም ይታያሉ።